ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ የቤት መኪና ፍጥነት ስለ ማስለካት

ለዚህ እትም ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች ከተለመደው የጋራዥ ጉዳይ ወጣ ያሉ ናቸው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚሽቀዳደምበትን ጨዋታ አይመለከቱም። አንድ መኪና ብቻውን ከቆመበት ተነስቶ ቀጥ ባለ መንደርደሪያ ላይ ይሮጣል፤ የተወሰነው ርቀት መጨረሻ ላይ ስንት ይዞ እንደ ገባ ይለካል። ርቀቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ማይል (805 ሜትር)፣ አንድ ኪሎ ሜትር ወይም ሙሉ ማይል (1,609 ሜትር) ነው። በእንግሊዝ ኤልቪንግተን፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ደግሞ ሎሪንግ በተባሉ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ጣቢያዎች ሰው ሥራ በሚመላለስበት መኪና እየመጣ ሲለካ ኖሯል። ጥያቄዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም አዘጋጆች። ከወልድያ ወደ ቆቦ ያለው ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ፣ እዚያው ብንለካስ? ካልሆነ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አይፈቀድም?
(ከወልድያ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። መንገዱ ላይ አይሆንም፤ ይህን ማባበል አያስፈልገውም። ጧት 12 ሰዓት መንገዱ ባዶ የሚመስለው ከመኪናው ወንበር ላይ ነው። ከብት ወደ ውኃ የሚወርደው፣ ገበያተኛ አህያና ግመሉን ጭኖ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። በሰዓት 160 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 44 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው ጥጃ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 67 ሜትር ተጉዟል።

የኮምቦልቻው ማረፊያ መንገደኛ የሚያስተናግድ የሥራ ቦታ ነው። ማንኛውም መንደርደሪያ ላይ የግል መኪና ሊገባ የሚችለው ለአውሮፕላን በተዘጋ ሰዓትና ባለቤቱ የሆነው ተቋም በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከበር ጠባቂ ጋር ተግባብቶ መግባት ፈቃድ አይባልም። ደብዳቤ ስታስገቡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ብዛት፣ የአምቡላንሱንና የእሳት አደጋ መኪናውን መቆሚያ፣ ሜዳውን ማን እንደሚያጸዳ ዘርዝሩ። ሦስተኛ ወገን መድን ፍጥነት ማስለካትን ይሸፍናል ብላችሁም አትገምቱ፤ ውሉን አንብባችሁ ጥያቄውን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቡ።

ጽዳቱ በመጥረጊያ ብቻ አይሆንም። መንደርደሪያው 45 ሜትር ስፋት ካለው 15 ሰው በ3 ሜትር ርቀት ተሰልፎ፣ ቃርሚያ እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሂድ። ጠጠር፣ ቡሎን፣ የሽቦ ቁራጭ ሁሉ ይነሳ። አንድ ሰው ለብቻው አጥሩን ይዙር፤ ውሻ የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ በዚያው ቀን ሰው ይቁምበት።

ጥያቄ፦ 2,400 ሜትር የሆነ መንደርደሪያ ቢገኝ ሙሉ ማይል መሮጥ አይቻልም? 1,609 ቢቀነስ ወደ 800 ሜትር ይተርፋል።
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወረቀት ላይ ይበቃል። መነሻው ከመንደርደሪያው ጫፍ 100 ሜትር ገባ ይላል፤ መጨረሻውም ላይ 100 ሜትር የማይነካ መጠባበቂያ ይተዋል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 600 ሜትር ያህል ነው። በ160 የገባ መኪና ፍሬኑን ሳያስጨንቅ፣ ማለትም ጎማው ሊይዝ ከሚችለው ግማሽ በሚያህል ኃይል ቢቆም፣ 200 ሜትር ይበቃዋል። በ200 የገባ 315 ሜትር ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ያምራል።

አሁን ፍሬኑ እንደ ከዳ እንቁጠር። ክብደቷ ከነአሽከርካሪዋ 925 ኪሎ የሆነች ትንሽ መኪና በ160 ገብታ ማርሹ ገለልተኛ ላይ ቢሆን፣ የሚይዛት ንፋሱና የጎማው ሰበቃ ብቻ ነው። እነዚያን 600 ሜትር ጨርሳ እንኳን ፍጥነቷ ከ120 በላይ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ማይል ብትሮጡ ግን መጠባበቂያው ተቀንሶ 1,400 ሜትር ያህል ይቀራል፤ የመግቢያው ፍጥነትም ያነሰ ነው። ፍሬን የከዳው ሰው ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ እየሳበ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በ2,400 ሜትር ላይ ግማሽ ማይል ሩጡ። ሙሉ ማይሉን ከ3,000 ሜትር ለሚበልጥ ሜዳ አቆዩት።

የማቆሚያው ክፍል በየ100 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ኮን ይደረግበት። አሽከርካሪው መለኪያውን ሲያልፍ መጀመሪያ ነዳጁን ይልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ከዚያ ፍሬን ይንካ። ቁልፍ ማጥፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ፓምፕ ጥቂት ረገጣ ከሰጠ በኋላ ያበቃል፣ ቁልፉ ከወጣም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ሁለተኛው መኪና የሚነሳው የመጀመሪያው ከመንደርደሪያው ወጥቶ፣ መጨረሻው ላይ የቆመው ሰው በሬዲዮ «ባዶ ነው» ሲል ብቻ ነው። በእጅ ምልክት አትመኑ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እጁን ያንሳ ራሱን ይከክ አይለይም።

ጥያቄ፦ ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ነው የምንመጣው። ፍሬኔ ደህና ነው፤ በየቀኑ እሠራበታለሁ። ምን የተለየ ዝግጅት ያስፈልገዋል?
(ሾፌር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ይበልጥ ደስ አሰኝቶናል፤ ስለ ሞተር የጻፈልን ብዙ ነው፣ ስለ ፍሬን የጻፉልን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፍሬን የሚሠራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ80 በሚያቆመው ተማምኖ ከ160 መግባት አራት እጥፍ ሥራ ማሸከም ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወርዳሉ። ለዚያችው 925 ኪሎ መኪና ይህ ከ160 ስድስት ጊዜ እንደ መቆም ያለ ጉልበት ነው። እርግጥ ሙቀቱ በቁልቁለቱ ሁሉ ይበተናል፣ ሞተሩም ድርሻውን ይይዛል። ሆኖም ሀረጎን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የወረደ ሰው መንደርደሪያው ላይ የሚደርሰው ሸራው ተቃጥሎ፣ ዘይቱ ግሎ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ሲደርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቁም።

ዋናው ሥራ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲጠጣ መለኪያው 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውኃ የጠጣው 155 ነው። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ባለው ሳምንት በዶት 4 ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ለትንሽ መኪና አንድ ሊትር ያህል ይበቃል። ቆርቆሮው ዓይንዎ እያየ ይከፈት። ጋራዥ ጥግ ላይ ክዳኑ ላልቶ የከረመ ዘይት አዲስ አይባልም። በአራቱም ጎማ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣና አረፋ እስኪጠፋ ይተንፈስ።

ሸራው ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከቀረ ይለወጥ፤ አዲስ ሸራ ግን በዚያው ቀን አይገጠም፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ ይለማመድ። ዲስኩ ጠርዝ ወይም ማኅል ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተጽፎበታል፤ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ይለካ። የኋላው ታምቡር ከሆነ ተከፍቶ ዘይት የሚያፈስ ሲሊንደር እንዳለ ይታይ።

ሜዳው ላይ ሁለት ምልክቶችን ይለዩ። ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ከሄደ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሠርቷል፤ የዚያን ቀን ሩጫ አብቅቷል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልያዘ ደግሞ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል፤ ቀዝቅዞ ሊመለስ ይችላል፣ ካልተመለሰ ይለወጣል። ከሩጫ በኋላ የእጅ ፍሬን ይዘው አያቁሙ፤ በ40 ቀስ ብለው ወደ መነሻው ይመለሱ፣ ለሚቀጥለው ሩጫ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። አንድ ነገር እንጨምር፦ የፍሬን አጋዥ ፓምፑ የሚገፋው በአየር ግፊት ነው። በከፍታ ግፊቱ ስለሚያንስ ፔዳሉ ከቆላው ይልቅ ጠንከር ብሎ መረገጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ላይ 175/65 R14 82T ይላል። ጥርሱ ገና ነው። ንፋስ ልቀንስለት ወይስ ልጨምርለት? ጓደኞቼ ቀንስ፣ መሬት ይይዛል ይላሉ።
(ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጨምር። ጓደኞችህ ያሉት አሸዋ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይሠራል። አስፋልት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ይሞቀዋል፣ ሙቀቱ ሽፋኑን ከውስጥ ክሩ ያላቅቃል። በር ላይ ካለው ጽሑፍ ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ አስበልጥ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፍ።

ልኬቱን ደሴ ላይ አድርገህ እንዳትመጣ። አንተ ኮምቦልቻ ነህ፤ ከደሴ ለሚወርዱት ግን ንገራቸው፦ ጎማው ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም ኮምቦልቻ ሲደርስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፣ የውጭው አየር ግፊት ስለጨመረ። በሌላ በኩል ከጉዞው የሞቀ ጎማ ከፍ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ሜዳው ላይ፣ ጎማው በረድ ሲል፣ በአንድ መለኪያ አራቱም ይለኩ።

82 የሚለው አንዱ ጎማ የሚሸከመውን 475 ኪሎ ያመለክታል። ቲ ማለት እስከ 190 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። ኪው 160፣ ኤስ 180፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ነው። የምትጠብቀው ፍጥነት ከጎማህ ፊደል ቢያንስ 20 ኪ.ሜ. ዝቅ ይበል። ከዚያ የተመረተበትን ቀን ፈልግ፤ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) በሚል ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ነው ያልከው እዚህ ላይ ያታልላል። ጎማ ሳይሄድም ያረጃል፤ ስድስት ዓመት ያለፈው፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ፣ ዳግም የተለበጠ ወይም ጎኑ ላይ የተጠገነ ጎማ ለከተማ ቢሆንህም እዚህ አይገባም።

ጎሚስታው ጋ ሦስት ነገር አሠራ። ቫልቮቹን በአዲስ አስቀይር፣ ብረት ክዳንም ይኑራቸው፤ በፍጥነት ሲሽከረከር የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ወደ ውጭ ይገፋልና ያለ ክዳን ንፋስ ሊያፈስ ይችላል። አራቱንም ባላንስ አስደርግ። የፕላስቲክ የቸርኬ ሽፋኑን አውልቀህ ቤት ተወው። ዳዶው በእግር ተረግጦ ሳይሆን በቶርክ መፍቻ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠበቅ፤ ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

የጎማ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ፦ በመስከረም 2006 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን አቅራቢው ሪቻርድ ሃመንድ ኤልቪንግተን ላይ በጄት ሞተር መኪና ከ460 ኪ.ሜ. በሰዓት በላይ ሲሄድ የተገለበጠው የፊት ቀኝ ጎማው ስለፈነዳ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ስንት ትገባለች? ካርቡሬተር ያላት ዲኤክስስ ምን ይደረግላት?
(መካኒክ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ኮምቦልቻ በግምት 1,850 ሜትር ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ከፋብሪካ 70 ፈረስ ይዛ ከወጣች እዚህ ከ56 አይበልጥም፣ ጎማው ላይ ሲደርስ ደግሞ 48 ገደማ ነው። «አየሩም ስለሳሳ ንፋሱ አይይዛትም፣ ይካካሳል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን በግማሽ። የንፋሱ መከላከያ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። የመኪናው ክብደትና የጎማው ሰበቃ ግን አይቀንስም፤ አጭር ሜዳ ላይ ዋናው ሥራ ያን ክብደት ማስነሳት ነው። በስሌት ግማሽ ማይል ላይ 120 አካባቢ፣ ማይል ላይ 140 አካባቢ ብትጠብቁ ትቀርባላችሁ። የመኪና ፍጥነት በማስለካት የታወቀው የአሜሪካው የቦንቪል የጨው ሜዳ ራሱ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ከዚያም በላይ ነን።

ከዚህ በላይ ለመሄድ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ይታወቅ። ንፋስን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፦ ፍጥነት 10 በመቶ ለመጨመር 33 በመቶ፣ ከ120 ወደ 150 ለመድረስ እጥፍ ያህል። ስለዚህ በርካሽ የሚገኘውን አስቀድሙ። ፖርቶመጋላውን አውልቁ፤ ለዓይን ቀላል ቢመስልም ንፋስ የሚይዘው እሱ ነው። ከኋላ ያለውን ዕቃ፣ ከእግር ሥር ያለውን ምንጣፍ አውጡ፤ ምንጣፉ ፔዳል ሥር ሊገባም ይችላል። ኤሲ ይጥፋ። አዲስ የአየር ፊልትሮ፣ በልኩ የተከፈቱ ካንዴላዎች፣ በልኩ የሆነ ዘይት። ራዲያተር ፊት ላይ ፕላስተር መለጠፍ የምትወዱ ካላችሁ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እዩ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ ቬንቲሌተሩ ገና ሊነሳ ሲል ውኃው መፍላት ጀምሯል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ግን ወደ 115 ያደርሰዋል።

ዲኤክስን በተመለከተ፦ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላል፣ ካርቡሬተር አይችልም። አየሩ አንድ አምስተኛ ሲሳሳ ድብልቁ 11 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። ለባሕር ወለል የተሠራው የቤንዚን ቀዳዳ ስፋቱ በዚያው ልክ፣ የመሐል ልኩ (ዲያሜትሩ) ደግሞ 5 በመቶ ተኩል ያህል ይነስ፤ 110 ከነበረ 104 ይሞከር። የደሴ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ይህን አስቀድመው ያደርጉታል። ችግሩ የሚመጣው ያቺው ዲኤክስ በባቲ ወርዳ ሚሌ፣ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ስትደርስ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ በሙሉ ነዳጅ ስትሮጥ ፒስቶን ትበሳለች። ቆላ ከወረዳችሁ ትልቁን ቀዳዳ መልሱ።

በነገራችን ላይ ቪትዟን ከላንድክሩዘር ጋር ማወዳደር የለባችሁም። በቦንቪል ሕግ ምድቡ የሚለየው በሞተር ይዘትና በመኪናው ዓይነት ነው፤ 1.0 ሊትሯ ከመሰሎቿ ጋር ብቻ ትለካለች።

ጥያቄ፦ በአምስተኛ ማርሽ ነው ወይስ በአራተኛ መጨረስ ያለብኝ?
(ከመርሳ)

መልስ፦ መለኪያው ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ላይ የሚያደርስዎት ማርሽ ነው፤ ለትንንሽ መኪኖች ያ ብዙ ጊዜ አራተኛ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ የሞተሩን ዙር በጎማው ዙሪያ (በሜትር) አባዙ፣ በ0.06 አባዙ፣ ለማርሹና ለዲፍሪንሲያሉ ብዜት አካፍሉ። ለምሳሌ የ175/65 R14 ጎማ ዙሪያ 1.83 ሜትር ነው። ዲፍሪንሲያሉ 4.0፣ አራተኛው 1.0 ቢሆን፣ በ6,000 ዙር 165 ኪ.ሜ. ይመጣል። አምስተኛው 0.8 ቢሆን በዚያው ዙር 206 ይመጣል፤ ያን የሚገፋ ጉልበት ስለሌለ ዙሩ ወደ 4,400 ወርዶ መኪናው ይደክማል። አውቶማቲክ ከሆነ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዴ 158 አሳየኝ፣ ስልኬ 143 አለ። የቱ ነው እውነቱ?
(ከሐይቅ)

መልስ፦ ሁለቱም ላይ አይፈረድም፤ ስልኩ ግን ይቀርባል። ፋብሪካዎች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደንብ የፍጥነት መለኪያው ከእውነቱ ዝቅ እንዳይል ይከለክላል፤ ከፍ እንዲል ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪ.ሜ. ይፈቅዳል። እውነቱ 140 ሆኖ 158 ቢያሳይ ሕግ አልጣሰም። ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንዴ ብቻ ይለካል።

ለውጤት የሚሆነው ሁለት የብርሃን ጨረር ነው። በመካከላቸው 40 ሜትር ቢሆን፣ በ160 የሚሄድ መኪና በ0.9 ሰከንድ ያልፈዋል። የሰዓቱ ስሕተት አንድ ሺኛ ሰከንድ ቢሆን ውጤቱ የሚዛባው ከ0.2 ኪ.ሜ. በታች ነው። ርቀቱን ስትለኩ በ40 ሴንቲ ሜትር ብትስቱ ግን 1.6 ኪ.ሜ. ይዛባል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ውድ ሰዓት ላይ ከማፍሰስ ደህና የብረት ሜትር ያዙ፣ ሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ይለካ። ለክብረ ወሰን በዓለም አቀፉ ሕግ አንዱ ሩጫ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተደርጎ አማካዩ ይወሰዳል፤ ንፋሱ ከኋላ እየገፋ የሰጠውን ለመመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ከፍታ ጉልበቷን አይቀንስም ይባላል። ታዲያ ሁሉንም አልበልጥም?
(ከደሴ)

መልስ፦ ሞተሯ አየር ስለማይተነፍስ በከፍታ ጉልበት አታጣም፤ ንፋሱ ስለሳሳም ትጠቀማለች። ከቆመበት መነሳት ላይ ብዙውን ትበልጣለህ፣ አብሽር። የሚይዝህ ፋብሪካው ያስቀመጠው ገደብ ነው፤ ብዙዎቹ አይዲ 4 በ160፣ ቢዋይዲ ሲጋል በ130 ኪ.ሜ. ላይ ይቆማሉ። ያ ገደብ የተቀመጠው ለሞተሩ ዙር፣ ለባትሪውና ለጎማው ተብሎ ስለሆነ በሶፍትዌር አታስከፍት።

ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ጀምር፤ ሲወርድና ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ሩጫ ከመጀመሪያው ቢያንስ አትገረም። ፍሬንህን አስፈትሽ። የአንተ መኪና ከተማ ውስጥ በሞተሯ ስለምትቆም ዲስኩ ሳይነካ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ ከሩጫው በፊት ከ60 አምስት ስድስት ጊዜ በፍሬን ብቻ አቁም። ለመመለሻም አስብ፦ 2,000 ኪሎ መኪና ሀረጎን ለማውጣት ለከፍታው ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ መንገዱ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ሳይቀርህ ሩጫ አቁም። ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መኪናዋ ኤሌክትሪክ መሆኗን አስቀድመህ ንገር፤ የከፍተኛ ኃይሉ ማቋረጫ የት እንዳለ አሳያቸው።

ለወግ ያህል፣ የመጀመሪያዎቹ የፍጥነት ክብረ ወሰኖች የኤሌክትሪክ ነበሩ። በ1898 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ 63.15 ኪ.ሜ. ተመዘገበ፤ በ1899 ካሚል ዤናትዚ 105.88 ገብቶ በመኪና ከመቶ በላይ የሄደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጥያቄ፦ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይበቃል? እሳት ማጥፊያውን ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አድርጌዋለሁ።
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስኔል የሚባለው መለኪያ ኤም ብሎ ለሞተር ሳይክል፣ ኤስኤ ብሎ ለመኪና ይለያል። የኤስኤው ውስጡ እሳት ይቋቋማል፤ ከብረት ዘንግ ጋር ደጋግሞ ለመጋጨትም ተፈትኗል። ኤም ያለው በዝቅተኛ ፍጥነት ያለ ሄልሜት ከመሮጥ ይሻላል። ምንም ምልክት የሌለው የገበያ ሄልሜት ግን ኮፍያ ነው።

ማጥፊያውን ከሻንጣ ያውጡት። 2 ኪሎ ዱቄት የሚረጭ ይሁን፣ መለኪያው አረንጓዴው ላይ ይሁን፣ በብረት ማቀፊያና በቡሎን ከወንበሩ ፊት ወለል ላይ ይታሰር። ቀበቶዎን አስረው፣ ሄልሜቱን አጥልቀው፣ ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎ ከደረሰበት ቦታው ልክ ነው። ፕላስቲክ ማቀፊያ በግጭት ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ማጥፊያው ራሱ መኪናው ውስጥ የሚበር ብረት ይሆናል። ባትሪውም በሽቦ ወይም በጎማ ገመድ ታስሮ ከሆነ በተገቢው መያዣና ዳዶ ይታሰር።